ካሴቱና ካሜራው፤ የማኅበራችን ምስል ታሪክ

ማኅበራችን የተመሠረተበትን 10ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ አንድ አጭር የማስታወቂያ ቪዲዮ እንዲዘጋጅ የሥራ አመራር ኮሚቴው መወሰኑ ይታወሳል። ቪዲዮው የታሰበው ለበዓሉ ድምቀት ብቻ አልነበረም። የአዳራሻችን የኪራይ ውል የሚያበቃበት ጊዜ እየተቃረበ ነው፤ በኦክላንድም ሆነ በሳን ሆዜ ኪራይ ምን ያህል እንደ ናረ ለአባሎቻችን መንገር ደግሞ ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በመሆኑም ማዕከሉን ለማያውቁት፣ በተለይም ለከተማ ሹማምንትና ለዕርዳታ ሰጪ ድርጅቶች፣ ማንነታችንን በ4 ደቂቃ ውስጥ የሚያስረዳ ነገር አስፈለገ። ባለሙያ ለመቅጠር ገንዘብ ስለሌለን ሥራውን የተረከበችው ከአባሎቻችን የአንዱ ልጅ፣ ኮሌጅ ገብታ የፊልም ሥራ የምታጠና ተማሪ ናት።

ተማሪዋ ከኮሚቴው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ በተገናኘችበት ዕለት ያቀረበችው ጥያቄ ስለ ገንዘብም ስለ ጊዜም አልነበረም። «ከዚህ በፊት የተቀረጸ ምን አላችሁ?» አለችን። እርስ በርሳችን ተያየን። ከብዙ ማሰላሰል በኋላ ከአንድ አንጋፋ አባላችን ጋራዥ አንድ የሙዝ ካርቶን ወጣ። በውስጡ 23 የቪዲዮ ካሴቶች ተገኙ። ማኅበራችን ሳይመሠረት፣ በየበዓሉ ጊዜያዊ ኮሚቴ እየተቋቋመ አዳራሽ በምንከራይበት ዘመን የተቀረጹ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ ካርቶን ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ ዓ.ም. ያልንበት ግን የእኛው ነው።)

ተማሪዋ ካሜራዋን ጭና በ880 አውራ ጎዳና ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ ስትመላለስ የምታቋርጠው አገር በተንቀሳቃሽ ምስል ታሪክ ውስጥ ተራ ቦታ አይደለም። ብዙዎቻችን በዚህ አካባቢ ከ30 ዓመት በላይ ስንኖር ይህን አናውቅም ነበር፤ እኛም ያወቅነው ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ነው ብንል ማፈር አይገባንም።

በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የሌላንድ ስታንፎርድ የፈረስ ማርቢያ 12 ካሜራዎችን በተርታ ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ አነሣ። ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ በአንድ ጊዜ ከመሬት የሚነሡበት ቅጽበት መኖሩ የተረጋገጠው ያን ጊዜ ነው። ያ ዓመት በእኛ አገር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የቦሩ ሜዳን ጉባኤ ያደረጉበት ነው። በ1915 ደግሞ ቻርሊ ቻፕሊን ስመ ጥር የሆነበትን «ዘ ትራምፕ» የተባለውን ፊልም የሠራው ዛሬ የፍሪሞንት ከተማ አካል በሆነችው በናይልስ ነው፤ ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ ስንሄድ በመንገዳችን ላይ የምትገኝ መንደር መሆኗ ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን ተማሪዋን የማረካት የፋይሎ ፋርንስዎርዝ ታሪክ ነበር። ይህ ሰው በአይዳሆ የገበሬ ልጅና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ የድንች ማሳ ሲያርስ ትልሙን አይቶ፣ ምስልም እንዲሁ መስመር በመስመር እየተከፈለ በኤሌክትሪክ ሊላክ ይችላል የሚል ሐሳብ መጣለት። ሐሳቡንም ለኬሚስትሪ አስተማሪው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ አሳየ። የ21 ዓመት ወጣት ሆኖ በሴፕቴምበር 7 ቀን 1927 በሳን ፍራንሲስኮ ግሪን ጎዳና ላይ ባለ ቤተ ሙከራ ምስሉን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል አስተላለፈ። የተላለፈው ምስል አንዲት መስመር ብቻ ነበረች። በሬ ጠምዶ ያረሰ ወይም ሲያርሱ ያየ አባላችን ሁሉ ይህን ታሪክ ከእኛ በተሻለ ይረዳዋል።

ምስልን በቴፕ ላይ መቅዳት የተቻለውም እዚሁ ነው። በሬድዉድ ሲቲ የነበረው አምፔክስ ኩባንያ በ1956 ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚሆን የመጀመሪያውን የቪዲዮ ቴፕ መቅጃ አቀረበ። ቴፑ 2 ኢንች ስፋት ነበረው፤ መሣሪያውም የትልቅ ቁም ሣጥን ያህል ነበር። በቻርለስ ጊንስበርግ ይመራ በነበረው ቡድን ውስጥ ሬይ ዶልቢ የሚባል ተማሪ ነበረበት። በኋላ በድምፅ ጥራት ሥራው ስሙ በሲኒማ ቤቱ ሁሉ የተጻፈው ዶልቢ እርሱ ነው፤ ሥራውን በአምፔክስ ሲጀምር ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ የጃፓኑ ጄ.ቪ.ሲ. ያንን ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር በየሳሎኑ የሚገባ የቪ.ኤች.ኤስ. ዴክ አድርጎ አወጣው። የሙዝ ካርቶናችን ውስጥ ያሉት ካሴቶች የልጅ ልጆቹ ናቸው ማለት ይቻላል።

በእኛ በኩል ነገሩ በዝግታ የሄደ ነው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በሕዝቡ ዘንድ «የሰይጣን ቤት» ተብሎ እንደ ተጠራ አባቶቻችን ነግረውናል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው በሰው ቤት መስኮት ተንጠላጥለን ነው። ካሜራ የያዘ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በአሜሪካ አገር ሲነሣ ለማየት ጥቂት ዓመታት መጠበቅ አስፈልጓል።

ከእኛ በፊት ካሜራ ያነሡ ተማሪዎች

ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ የ«ጎንደሬ በጋሻው» ደራሲ ናቸው። ወደ አሜሪካ በ1967 መጥተው መጀመሪያ በቺካጎ ትያትር፣ ቀጥሎም በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አጠኑ። የመመረቂያ ሥራቸው በሎስ አንጀለስ በችግርና በበጎ አድራጎት ቢሮ ውጣ ውረድ የምትኖር የአንዲት ጥቁር እናት ታሪክ የሚያሳየው «ቡሽ ማማ» ነው። ፊልሙ ሲጀምር የሚታየው ፖሊሶች ሰዎችን አስቁመው ሲፈትሹ ነው፤ ይህ ትወና አልነበረም። የተፈተሹት ራሳቸው ኃይሌና የሥራ ባልደረቦቻቸው ነበሩ፤ ጥቁር ሰዎች የፊልም ዕቃ ይዘው መንገድ ላይ መገኘታቸው ለጥርጣሬ በቂ ሆኖ ነበር። እርሳቸውም ምስሉን አልጣሉትም፤ በፊልማቸው መክፈቻ ላይ አደረጉት።

ገና ተማሪ ሳሉ፣ አብዮቱ በፈነዳበት በ1974፣ ወደ አገራቸው ተመልሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ቀረጹ። ቀረጻው የፈጀው ሁለት ሳምንት ገደማ ነበር። ተዋናዮቹ በአብዛኛው ሙያተኞች አልነበሩም። አንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ለባለርስት ሲያርስ የሚያሳየው ይህ ፊልም የተነሣው «መሬት ላራሹ» ሕግ ሊሆን ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። አንድ ዓመት ቢዘገዩ ኖሮ ያ ሥርዓት በቁሙ ሊቀረጽ ባልቻለም ነበር። ኃይሌ በኋላ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል፤ «ጤዛ» የተባለው ፊልማቸው በ2008 በቬኒስ፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ ታላቅ ሽልማት ማግኘቱን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን።

ሁለተኛዋ ይበልጥ የቅርብ ሰው ናቸው ለማለት እንደፍራለን። ሳሌም መኩሪያ ከሚኒሶታው ማካሌስተር ኮሌጅ በኋላ የማስተርስ ትምህርታቸውን የተማሩት እዚሁ በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያም በቦስተን የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ «ኖቫ» በተሰኘው የሳይንስ ዝግጅት ውስጥ ሠሩ፤ በዌልስሊ ኮሌጅም አስተማሩ። በ1991 ያወጡት «ስደት» የተባለው ዘጋቢ ፊልም በሱዳን ስደተኛ ሆነው የሚኖሩ ሦስት ሴቶችን ይከተላል። በ1997 የወጣው «የወንዝ ማዕበል» ደግሞ በአብዮቱ ዘመን ያጧቸውን ወንድማቸውንና የቅርብ ጓደኛቸውን የሚያስታውስ ነው። የተማሪው ትውልድ እርስ በርሱ እንዴት እንደ ተጠፋፋ በአንድ ቤተሰብ በኩል ያሳያል።

ተማሪያችን «ስደት»ን በኮሌጅዋ አማካይነት አግኝታ ካየች በኋላ እናቷን «አንቺም እንዲህ ነበርሽ?» ብላ መጠየቋን እናቲቱ ነግረውናል። መልሱን ግን አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

የካርቶኑ ውስጥ

በማርች 1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ብዙዎቻችንን እዚህ ያደረሰን በር ነው። ከዚያ በፊት በዚህ አካባቢ የነበሩት ኢትዮጵያውያን በአብዛኛው ለትምህርት የመጡ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን ከገዳሪፍ፣ ከከሰላና ከካርቱም በየአውሮፕላኑ የሚመጣው ወገን በዛ። አንዱ ኦክላንድ፣ ሌላው ሳን ሆዜ ወረደ። በቴሌግራፍ ጎዳና የምግብ ቤቶች ተከፈቱ፤ እነዚያ ቤቶች እንጀራ ከመሸጥ ሌላ ሥራ የሚገኝበት፣ ቤት የሚፈለግበት፣ መርዶ የሚሰማበት ቦታ ነበሩ። ካሴት የሚከራይበትም ነበሩ።

የቪዲዮ ካሜራ በእጃችን የገባው በዚህ ዘመን ነው። አንድ ሰው በሥራ ሁለት ፈረቃ ሠርቶ ካሜራ ከገዛ የሰፈሩ ሁሉ ሠርግ አንሺ ሆነ ማለት ነው። ስለ ካሴቱ አንድ ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። ቲ-120 የሚባለው የተለመደው ካሴት በትክክለኛው ፍጥነት 2 ሰዓት፣ በዝግተኛው ደግሞ 6 ሰዓት ይቀዳል። እኛ፣ እንደምታውቁን፣ ሁሉንም በ6 ሰዓቱ ቀዳን። አንድ ካሴት ላይ ሠርጉም፣ መልሱም፣ ቅልቅሉም እንዲገባ ብለን በቆጠብናት ጥቂት ዶላር የምስሉ ጥራት ተሸጠ። ዛሬ ተማሪዋ ካሴቶቹን ስታጫውት ሙሽራዋን ከሚዜዋ ለመለየት የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ።

ዴኩን ማግኘትም ቀላል አልነበረም። በዓለም ላይ የቀረው የመጨረሻው የቪ.ኤች.ኤስ. ዴክ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ማምረቱን ያቆመው በ2016 ነው። የቴፕ ነገር ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ምስሉን የያዘው በፕላስቲኩ ላይ የተለበጠ የብረት ዱቄት ነው፤ ማጣበቂያው እርጥበት ሲያገኘው ይላላል፣ ሻጋታም ይወርሰዋል። ከ23ቱ ካሴቶች 2ቱ ዴክ ውስጥ ለመግባት የማይደፈርባቸው ሆነው ተገኙ። እንዲህ ያለውን ቴፕ አጽድቶ በመገልበጥ በ1976 በሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመው የቤይ ኤሪያ ቪዲዮ ኮአሊሽን ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል፤ ተማሪዋ ይህን ስትነግረን ድርጅቱ በአፍንጫችን ሥር የኖረ መሆኑ አስገረመን።

በራሳችን እጅ የጠፋውም አለ። «እንቁጣጣሽ» ተብሎ በወፍራም እስክሪብቶ የተጻፈበትን ካሴት በጉጉት ከፈትነው። ለ10 ደቂቃ ያህል ልጆች አበባየሆሽ ሲሉ ታየ፤ ከዚያ በድንገት ኳስ ሜዳ መጣ። በጁላይ 4 ቀን 1994 በስታንፎርድ ስታዲዮም ብራዚል አሜሪካን 1 ለ 0 ያሸነፈችበት የዓለም ዋንጫ ጨዋታ ነበር። አንዱ ወገናችን ባዶ ካሴት አጥቶ በላዩ ቀድቶበታል። ማን እንደ ሆነ እናውቃለን፤ እርሱም ያውቃል። የቤቤቶን ጎል ደግመን አየነው፣ ልጆቹን ግን መመለስ አልተቻለም።

በሌላ ካሴት ላይ በመተዳደሪያ ደንብ አንድ አንቀጽ ምክንያት ከ2 ሰዓት በላይ የፈጀ ክርክር ተቀርጿል። ተናጋሪዎቹ ያን ጊዜ ጠጉራቸው ጥቁር ነበር። አንቀጹ ስለ ምን እንደ ነበር ዛሬ ከመካከላችን የሚያስታውስ አልተገኘም። ተማሪዋ ግን ክርክሩን ትታ የተመለከተችው ከኋላ ያለውን ነበር፤ በግድግዳው ሥር ካፖርት ተነጥፎላቸው አምስት ሕፃናት ተኝተዋል፣ አንዲት ሴት ደግሞ ዳቦ ይዘው በሰው መካከል ይዞራሉ። ከአምስቱ ሕፃናት አንዱ ዛሬ የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ነው። «ይህን እፈልጋለሁ» አለች። ከኮሚቴው አንዳንዶቻችን አልተስማማንም፤ የእኛ ሐሳብ እስክስታው፣ የባህል ልብሱና የቡናው ሥርዓት እንዲታይ ነበር።

ነጠላ የተሸፈኑት ሴት

ዳቦ ይዘው የሚዞሩት ሴት ፊታቸው አይታይም። ካሜራው ወደ እርሳቸው በዞረ ቁጥር ነጠላቸውን ያነሣሉ። ተማሪዋ በ5 ካሴቶች ውስጥ ይህንኑ አይታ «ማን ናቸው?» ብላ ጠየቀችን። እኛ አወቅናቸው። አሁንም በየሳምንቱ ማዕከላችን የሚመጡ፣ ኀዘን ባለበት ቀድመው የሚገኙ እናት ናቸው። ከካሜራ መሸሻቸውን ለዓመታት ስናይ ዓይነ አፋርነት ነው ብለን አልፈን ነበር። መጠየቅ የጀመረችው ይህች ልጅ ናት።

«እማማ፣ ለምንድን ነው የማይነሡት?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ፎቶግራፍ ነው ወንድሜን ያስበላብኝ» አሏት።

በ1970 ዓ.ም. ቤታቸው ሲፈተሽ ወንድማቸው ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር የተነሣው ፎቶግራፍ ተገኘ። ፈታሾቹ ፎቶግራፉን ይዘው ሄዱ፤ በሥዕሉ ላይ ያሉት አንድ በአንድ ተለቀሙ። እርሳቸውም ከዚያ ወዲህ ለመታወቂያና ለመኖሪያ ፈቃድ ካልሆነ በቀር ካሜራ ፊት ቆመው አያውቁም።

ይህ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ካሴቶቹን እንደ ገና ስናይ ተገነዘብን። ቀደም ባሉት ካሴቶች ውስጥ ካሜራው ሲመጣ የሚዞረው ጀርባ ብዙ ነው። ያን ጊዜ አገር ቤት የቀረ ቤተሰብ የሌለው አልነበረም፤ በኦክላንድ አዳራሽ የተነሣ ምስል አዲስ አበባ ማን እጅ እንደሚገባ ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ስለዚህ የዚያ ዘመን ታሪካችን ግማሹ በነጠላና በጀርባ የተሸፈነ ነው። ዛሬ ልጆቻችን የበሉትን ሁሉ በስልክ አንሥተው ለዓለም ሲያሳዩ አይተን የምንቆጣው ከዚህ የተነሣ ይሆን? ዩቲዩብ በ2005 ሲጀመር ቢሮው እዚሁ በሳን ማቴዎ ከአንድ ፒዛ ቤት በላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መሸፈን የሚባል ነገር ቀርቷል።

ተማሪዋ አላስገደደቻቸውም። በሦስተኛው ሳምንት ግን እርሳቸው ራሳቸው ጠሯት። «ፊቴን ተይው። እጄንና ድምፄን ከፈለግሽ ውሰጂ» አሏት። ቡና ሲቆሉ እጃቸው ተቀረጸ። የተናገሩት ስለ ባህል አልነበረም። በአንድ ክረምት ዘመድ የሌለው አንድ ወጣት እዚህ ሲሞት አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ በቴሌግራፍ ምግብ ቤቶች ሁሉ ባርኔጣ እየዞረ ገንዘብ መሰብሰቡን፣ በእናቱ ፋንታም እርሳቸው ሌሊቱን መቀመጣቸውን ተናገሩ። «ያን ጊዜ አዳራሽ አልነበረንም፤ ያለቀስነው መኪና ማቆሚያ ቦታ ነው» አሉ።

በኮሚቴው ውስጥ ክርክር ተነሣ። ለዕርዳታ ሰጪ ድርጅት የሚቀርብ ቪዲዮ ሞት አይነሣበትም፤ ደስታና ተስፋ ነው የሚፈለገው የሚል ወገን ነበር። ይህ ሐሳብ ከንቱ አልነበረም፤ ማመልከቻ የጻፈ ሰው ያውቀዋል። ሌላው ወገን ደግሞ አዳራሽ የሚያስፈልገን ለእስክስታ ብቻ ከሆነ ሆቴል መከራየት ይበቃናል አለ። ከአንጋፋዎቹ አንዱ «ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ተብለው ቢጠየቁ «መኪና ማቆሚያው ቦታ እኔም ነበርሁ» ብለው ዝም አሉ። ክርክሩ ያለቀው በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በዚህ ነው።

በተጠናቀቀው ቪዲዮ ውስጥ እስክስታም አለ፣ ቡናም አለ፣ የቋንቋ ትምህርት ቤታችን ልጆችም ሀሁ ሲሉ ይታያሉ። የእናታችን ድምፅና እጅ 40 ሴኮንድ ተሰጥቶታል፤ ከሥሩ ካፖርት ላይ የተኙት ሕፃናት ምስል ያልፋል። በጥራት ረገድ ጉድለት አለው፤ በአንድ ቦታ ማይክሮፎኑ ይታያል፣ የሊቀ መንበራችን ንግግርም ከሚገባው በላይ ረዝሟል። ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ይህን አምነው እንዲቆረጥ ጠይቀው ነበር፤ ተማሪዋ ግን የፈተና ሳምንቷ ደርሶባት አልቻለችም።

በበዓሉ ዕለት ሲታይ እናታችን በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠው ነበር። ድምፃቸው ሲሰማ አጠገባቸው ወዳሉት ዘንበል ብለው «እንዲህ ነኝ እንዴ?» ማለታቸውን ሰምተናል። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነበር።

የኪራዩ ጉዳይ ይህ መጽሔት ወደ ማተሚያ ቤት እስከ ተላከበት ቀን ድረስ አልተቋጨም። ከ23ቱ ካሴቶች 9ኙ ተገልብጠዋል፤ 2ቱ በባለሙያ መጽዳት የሚያስፈልጋቸው ናቸው፤ የተቀሩት 12ቱ ተራ ይጠብቃሉ። በየቤታችሁ፣ በየጋራዣችሁ፣ ከአልጋ ሥር ካሴት ያላችሁ አባላት ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ማዕከሉ ብታመጡ ተማሪዋ ገልብጣ ዋናውን ለባለቤቱ ትመልሳለች። ሠርግም ይሁን ስብሰባ፣ ጽሑፍ ባይኖርበትም ግድ የለም። ኳስ ቢኖርበትም እንቀበላለን።